የተሸጠችው ጊደር እና የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8

የዘንድሮውን የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት እንደ ወትሮው በወላይታ፣ በኪንዶ ቆላ አሳለፍኩ። ሶዶ ከተማ በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። የተማሪዎቼን ውጤት ሞልቼ ባስረከብኩ ማግስት ሻንጣዬን ይዤ መናኸሪያ እገኛለሁ። እስከ በሌ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በሞተር ብስክሌት፣ የመጨረሻውን ቁልቁለት በእግር እወርዳለሁ። የዳሞታ ተራራ ከኋላ ይቀራል፤ ነፋሱ እየሞቀ፣ እንሰቱ እየሳሳ፣ የማንጎው ጥላ እየበዛ ይሄዳል። ከቁልቁለቱ ሥር የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላት ጸሎት ቤት አለች። በዙሪያዋ ካሉ አጥቢያዎች የሚመጡ አገልጋዮች ለዐሥር ቀን እዚያ ይሰበሰቡና መጽሐፍ ቅዱስ አብረን እንማራለን። ዘንድሮ ሰባተኛ ዓመቴ ነው።

አገልጋይ ስል ደመወዝተኛ ማለቴ አይደለም። አርሶ አደሮች ናቸው። እሁድ ይሰብካሉ፤ በሌላው ቀን ያርሳሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ሬሳ ይሸኛሉ። ዘንድሮ 31 ነበሩ፤ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው። ሁሉም ስንቁን ተሸክሞ ይመጣል፦ በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ ስኳር ድንች። የአካባቢው እናቶች ያበስሉልናል። ጊዜው የተመረጠው ለእኔ ዕረፍት ተብሎ ብቻ አይደለም፤ የመኸሩ ሰብል ተሰብስቦ የበልጉ እርሻ ገና ያልተጀመረበት ወቅት ስለሆነ ነው። ዝናቡ ቀድሞ በመጣበት ዓመት በአምስተኛው ቀን የክፍሉ ግማሽ ባዶ ሆኗል። መሬቱ ርሶ በሬው የሚጠብቀውን ሰው «ሮሜን ጨርሰህ ሂድ» ማለት አይቻልም።

በመጀመሪያው ዓመት የሆነውን ሳልናገር የዘንድሮውን መናገር አልችልም።

ያን ጊዜ በሮሜ መልእክት ላይ 40 ገጽ ማስታወሻ በአማርኛ አዘጋጅቼ፣ ሶዶ ላይ አባዝቼ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ወረድኩ። ምዕራፍ 8 ላይ ስንደርስ የመጀመሪያውን ቁጥር ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ፦ «እንግዲህ በክርስቶስ ኢየሱስ ላሉት አሁን ኵነኔ የለባቸውም።» አሜን አሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ። እየጻፉ ነበር። ትምህርቱ የገባቸው መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወደ ምሳ ወጣን።

እጅ እየታጠብን ሳለ አንድ ወጣት ጠጋ አለኝ። በአጥቢያው አራት ዓመት የሰበከ ልጅ ነው። ሌሎቹ እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መምህርት፣ ኵነኔ የሚባለው በሽታ ምን ዓይነት ነው?» አለኝ።

ጥቅሱን ብዙ ጊዜ ሰብኮበታል። በክርስቶስ ያለ ሰው አይታመምም ማለት መስሎት ነበር። በዚያ ቆላ ወባ ከቤት አይጠፋም። ልጇን ወባ ደጋግሞ የያዘባት አንዲት እናት በአጥቢያው ነበረች፤ ምእመናኑም «ራስሽን መርምሪ፣ በክርስቶስ ብትሆኚ ኖሮ ይህ ቤትሽ አይገባም ነበር» አሏት። ሴትዮዋ ጸሎት ቤት መምጣት ተወች። በአንዲት ባልተረዱት ቃል የተነሣ አንዲት እናት የታመመ ልጇን ታቅፋ ብቻዋን ቀረች። ይህን ስሰማ የበላሁት አልወረደልኝም።

ከምሳ በኋላ ማስታወሻውን ዘግቼ ስለዚያች ቃል ብቻ ማስረዳት ጀመርኩ። ኵነኔ ማለት ፍርድ ነው፣ ኮነነ ማለት ፈረደበት ማለት ነው እያልኩ አማርኛን በአማርኛ ፈታሁ። ፊታቸው አልተለወጠም። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አነሡና በወላይትኛ ይናገሩ ጀመር። «ሽማግሌዎች ከሾላው ሥር ተቀምጠው ጉዳዩን ሰሙ እንበል። ጥፋተኛው ካሣ እንዲከፍል ፈረዱ። እሱ ግን የሚከፍለው የለውም፤ ሌላ ሰው ተነሥቶ ከፈለለት። ሽማግሌዎች መረቁ፣ ከመቀመጫቸውም ተነሡ። ከዚያ በኋላ በገበያም ሆነ በለቅሶ ቤት ያንን ነገር መልሶ የሚያነሣ ሰው ቢገኝ፣ የሚቀጣው ማን ነው?» ክፍሉ በአንድ ድምፅ፣ «ያነሣው!» አለ። «እንግዲያው ጳውሎስ የሚለው ይህንን ነው፤ ሽማግሌዎች ተነሥተዋል» ብለው ተቀመጡ።

ወጣቱ ቆመ። «ስለ ወባ አይደለማ» አለ። ለአንድ ሰው መንገር ያለብኝ ነገር አለ ብሎ ፈቃድ ጠየቀኝና በዚያው ወጣ። ደርሶ መልስ የአራት ሰዓት መንገድ ነው። የተመለሰው ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ነበር። ለሴትዮዋ ምን እንዳላት አልጠየቅኩትም፤ በማግስቱ እሁድ ግን ልጇን አዝላ መጥታ ሴቶቹ መካከል ተቀመጠች።

እኔ ወላይታ ነኝ። ከእናቴ ጋር የማወራው በወላይትኛ ነው። ነገር ግን የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርቴን የተከታተልኩት በአማርኛ ነው፤ ያነበብኳቸው መጻሕፍት አማርኛ ናቸው፤ ስጸልይ እንኳ አማርኛ ይቀድመኛል። ጽድቅ፣ ጸጋ፣ ኵነኔ፣ ቤዛ የሚሉት ቃላት በእናቴ ቋንቋ እንዴት እንደሚነገሩ እስከዚያ ቀን ድረስ አስቤበት አላውቅም ነበር።

ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ አይደለም። ወንጌልን ይዘው የመጡት የውጭ አገር ሚስዮናውያን ወደ ወላይታ የገቡት በ1920 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹን ሲያስወጣቸው የተጠመቁት ሰዎች ቁጥር 48 ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ አማኝ ነው። በወላይታ አማኝ ቤት ያደገ ልጅ ሁሉ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሲሰማ ነው የሚያድገው። ከመጀመሪያዎቹ የወላይታ አማኞች አንዱ የሆነው ዋንዳሮ እንደታሰረና እንደተገረፈ፣ ጸሎት ቤቶች እንደፈረሱና እንደገና እንደተሠሩ አያቶቻችን ነግረውናል። እኔን ግን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የተማሩበት መንገድ ነው። በእጃቸው የነበረው የተተረጎመ የቅዱሳት መጻሕፍት ክፍል ጥቂት ነበር፤ ማንበብ የሚችለውም ሰው ጥቂት ነበር። አያቴ ፊደል አልቆጠረም። ማታ ማታ አንድ ልጅ ያነብለታል፤ እሱ ደግሞ በማግስቱ እርሻ ላይ ከበሬዎቹ ኋላ እየሄደ ለራሱ ይደግመዋል፤ እሁድ ለሰው ይነግረዋል። ሲሳሳት የሚያርመው ያው ልጅ ነው። በኋላ አጥቢያዎቹ እህል እያዋጡ ወንጌላውያንን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮ ሲልኩም በልባቸው ይዘው የሄዱት እንዲህ የተጠና ቃል ነው።

ከድል በኋላ በ1936 ዓ.ም. የወጣው ሚስዮኖችን የሚመለከት ድንጋጌ በትምህርት ቤቶቻቸው የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። ወላይትኛው አዲስ ኪዳን ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ2002 ነው። በመካከሉ ሁለት ትውልድ የእግዚአብሔርን ቃል የሰማው በሁለተኛ ቋንቋው ነው። አማርኛን ለመክሰስ አይደለም ይህን የምለው፤ እንጀራዬም ፍቅሬም ነው። አማርኛ ራሱ ከ200 ዓመት በፊት የታተመ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ አልነበረውም። ጎጃሜው መነኩሴ አባ አብርሃም ካይሮ ላይ ዐሥር ዓመት ደክመው የተረጎሙት ሙሉው መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። አማርኛ ተናጋሪ አንባቢዬ ቅድመ አያቱ ግእዙን ቆማ ስታዳምጥ ምን ያህሉን ትረዳ እንደነበር ቢያስብ የእኛን ተማሪዎች ሁኔታ ይረዳዋል።

ሌላም ችግር አለ፣ ከከተማ የሚመጡ እንግዶች ልብ የማይሉት። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዘመን የተማሩት አባቶች ወላይትኛን የሚያነቡት በፊደል ነው። ልጆቻቸው ደግሞ በትምህርት ቤት የተማሩት በላቲን ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ በአንድ ቋንቋ የተጻፈን ገጽ አባት ያነበዋል ልጅ አያነበውም፤ ሌላውን ልጅ ያነበዋል አባት አያነበውም። እናቶቹ አብዛኞቹ ሁለቱንም አያነቡም።

በዚህ ሁሉ ምክንያት ማስታወሻ ማባዛቱን ከተውኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ወደ አያቴ መንገድ ተመለስን። ጠዋት አንድ ምዕራፍ በወላይትኛ ሁለት ጊዜ ይነበባል፤ የሚያነቡት ወጣቶቹ ናቸው። ከዚያ መጽሐፉ ይዘጋል። አንድ ሰው ተነሥቶ በቃሉ ይተርካል። ሌሎቹ ጆሯቸውን አቁመው ይጠብቁታል፦ የሌለ ነገር ካስገባ «ጨመርክ!»፣ ያለውን ከተወ «ዘለልክ!» ይሉታል። ያኔ መጽሐፉ ተከፍቶ ይረጋገጣል። ሁለተኛ ሰው ይነሣል፣ ሦስተኛ ይነሣል። በአራተኛው ላይ ምዕራፉ የክፍሉ ሆኗል። ጥያቄ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጥያቄውም የእነሱ ነው። እኔ የማውቀውን የምናገረው ሲጠይቁኝ ነው። በቀን አንድ ምዕራፍ፣ ሲበዛ ሁለት። ቀርፋፋ ነው የሚሉኝ አሉ። ከ40 ገጹ ማስታወሻ ግን አንድ ገጽ እንኳ ወደ ቤቱ ወስዶ ያስተማረበት ሰው አላጋጠመኝም።

ዘንድሮ የሐዋርያት ሥራን ጀመርን።

ከሴቶቹ መካከል ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው አንድ እናት ነበሩ። አምስት ቀን ሙሉ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ እንዳደረጉ አንድ ቃል አልተናገሩም። በስድስተኛው ቀን ምዕራፍ 8 ተነበበ፤ አንባቢዋ የልጃቸው ልጅ ነበረች፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ። መጽሐፉ ሲዘጋ «ማን ይተርካል?» ብዬ ገና ሳልጨርስ እሳቸው ተነሡ።

ሳይሳሳቱ ጀመሩ። ስደቱን፣ ፊልጶስ ወደ ሰማርያ መውረዱን፣ ሰዉን ሲያስደንቅ የኖረውን ጠንቋዩን ስምዖንን ተረኩ። ጴጥሮስና ዮሐንስ መጡ፣ እጃቸውን ጫኑ። «ስምዖንም ይህን ባየ ጊዜ ገንዘብ አመጣላቸው» አሉና ቆሙ። ክፍሉ የረሱ መስሎት ጠበቀ። አልረሱም። ወደ ልጅቱ ዞር ብለው፣ «ጴጥሮስ ገንዘቡን አልተቀበለም ነው ያልሽው?» አሏት። ልጅቱ መጽሐፉን ከፍታ ደግማ አነበበች። እኔ ደግሞ በአማርኛው አነበብኩላቸው፦ «የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ እንድታገኝ አስበሃልና ብርህ ከአንተ ጋር ይጥፋ።»

«ይህ ጴጥሮስ ባለጸጋ ነበር?» አሉ። አንዱ ከፊት ወንበር፣ «ምዕራፍ 3 ላይ ብርና ወርቅ የለኝም ብሎ የለም እንዴ፣ ያን ሽባ ሲያነሣው!» አላቸው። «የለኝም ያለው ሰው ሲሰጡት እንቢ አለ» አሉ እናታችን፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። በጣት የምትያዝ ትንሽ የዘይት ብልቃጥ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ ከመጽሐፉ አጠገብ አስቀመጡት።

ልጃቸው ከሁለት ዓመት በፊት በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጥቷል። ታንዛንያ ላይ ተይዞ እስር ቤት ገባ፤ ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። ባለፈው ዓመት አንድ ነቢይ ነኝ ባይ በአቅራቢያቸው ወዳለች ከተማ መጥቶ ሦስት ሌሊት ጉባኤ አደረገ። ልጅሽን አየሁት፣ በሩ ይከፈታል፣ ነገር ግን ያለ ዘር መከር የለም አላቸው። እሳቸው ያለቻቸው ዘር አንዲት ጊደር ነበረች። በ28 ሺህ ብር ሸጧት፣ ገንዘቡን ቆጥረው መድረክ ላይ አስረከቡ። የልጃቸውን ፎቶግራፍ እንዲቀቡበት ይህን ዘይት ሰጣቸው። እስከ ግማሹ ቀብተዋል። ወሬ ሳይመጣ ሲቀር ያዘኑት በሰውዬው አይደለም። «እምነቴ ትንሽ ሆኖ ነው፣ ሙሉ ቀን ጾሜ ብሰጥ ኖሮ ብዬ ራሴን ስከስስ ከረምኩ» አሉ።

ዝምታው ረዘመ። የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ ሲንጣጣ ይሰማ ነበር። የአጥቢያቸው ሽማግሌ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበሩ። ተነሡ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እናቴ፣ እኔ በዚያ ሌሊት መድረኩ ላይ ተቀምጬ ነበር። ገንዘቡን ሲቆጥሩ አይቻለሁ። አጨበጨብኩ። ይቅር ይበሉኝ» አሏቸው፤ ጎንበስ ብለውም ጉልበታቸውን ያዙ። እናታችን ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌውም አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ።

በዚያ ቀን ሌላ ትምህርት አልነበረም። የምዕራፉ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ያለው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሁልጊዜ በጉጉት የሚጠበቅ ነው፤ የእኛ ሰው ስለሆነ። ዘንድሮ ግን በማግስቱ ጠዋት ፈጠን ብለን አለፍነው። ከሰዓት በኋላውን አገልጋዮቹ በየአጥቢያቸው ተሰባስበው ሲመክሩ ዋሉ፤ ማን መድረክ ላይ ይውጣ፣ እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ ማን ይመርምር፣ ከምእመን ገንዘብ ሲጠየቅ ሽማግሌዎች ምን ያድርጉ እያሉ። እኔ አልገባሁበትም። ቃሉን የሰሙት እነሱ ናቸው፤ ፍርዱም የእነሱ ነው።

ከአዲስ አበባ፣ አንዳንዴም ከአሜሪካ የሚደውሉልኝ ወገኖች አሉ። «ለገጠር አገልግሎት ምን እንላክ?» ይሉኛል። ልባቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን በግልጽ ልናገር። በዓመት አንድ ጊዜ ሦስት ሌሊት የሚቆይ ጉባኤ፣ ትልልቅ የድምፅ ማጉያዎች፣ በላዩ ጽሑፍ የታተመበት ካናቴራ ለዚያ ቆላ አማኝ የሚጨምርለት ነገር የለም። ጉባኤው የለመደው ጆሮ ማንም ማይክሮፎን ይዞ ሲመጣ አሜን ማለትን ይማራል፤ ያቺ ጊደር የሄደችው በዚህ መንገድ ነው። በወላይትኛ የተቀዳ አዲስ ኪዳን በአንዲት ሚሞሪ ካርድ ይገባል፤ የገበያ ቀን የስልክ ሱቅ ያለው ልጅ በጥቂት ብር ይጭነዋል። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ማጫወቻ ቢገኝ አንድ መንደር ሙሉ ማታ ማታ ተሰብስቦ ይሰማል። የወንጌላዊው ልጆች በሐምሌ እንዳይራቡ አንድ ኩንታል በቆሎ ብትገዙለት ክረምቱን ሙሉ ያስተምራል። መምህር ልትሆኑ የምትመጡ ደግሞ ሁለት ቀን አትምጡ። ተመላልሳችሁ የምትመጡ ከሆነ ብቻ ኑ፤ በሁለተኛው ዓመት ነው ሰው እውነተኛ ጥያቄውን የሚጠይቃችሁ።

በመጨረሻው ቀን እናታችን ሻንጣዬን ካልተሸከምኩ ብለው ዳገቱን እስከ ግማሽ ሸኙኝ። አይሆንም ብል አልሰሙኝም። የማንጎ ጥላ ሥር ዐረፍ ስንል፣ «ልጄ፣ ምዕራፍ 9 ላይ የሚመጣው ማን ነው?» አሉኝ።

«ሳውል ነው።»

«እሱስ ገንዘብ ይዞ ነው የሚመጣው?»

«አይደለም እናቴ፣ ደብዳቤ ይዞ ነው። አማኞችን የሚያስርበት።»

ለጥቂት ጊዜ ቁልቁል ወደ ኦሞ በረሃ ተመለከቱ። «የታሰረ የሚፈታበት ቦታ አለው ይህ መጽሐፍ?»

«ምዕራፍ 12 ላይ ጴጥሮስ ይታሰራል» አልኳቸው። ያዕቆብ በዚያው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ በሰይፍ መገደሉንም አልደበቅኳቸውም። ሁለቱንም ሰሙኝ። «እንግዲያው አንቺን እስከ ከርሞ አልጠብቅም፤ ልጅቷ ታነብልናለች» ብለው ሻንጣዬን መልሰው ጫኑልኝ።

በየእሁዱ አንድ ምዕራፍ እያነበቡ ነው። ከልጃቸው እስከ ዛሬ ወሬ የለም። ባለፈው እሁድ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ፤ የዘጠነኛ ክፍሏ ተማሪ ናት፤ «መምህርት፣ ምዕራፍ 12 ላይ ነን፣ ያዳምጡ» ብላ ስልኩን ከፍ አድርጋ ያዘችልኝ። በጫጫታው መካከል የእናታችን ድምፅ ጎልቶ መጣ። የሚተርኩት ቆመው እንደሆነ ከትንፋሻቸው ይታወቃል። ሰንሰለቱ ከእጁ ወደቀ፣ መጀመሪያውን ዘብ አለፉ፣ ሁለተኛውን አለፉ፣ የብረቱ መዝጊያ በራሱ ተከፈተላቸው፣ ጴጥሮስም ወደ ማርያም ቤት ሄደና አማኞቹ መካከል ገባ አሉ። ከወንበሮቹ ወዲያ ሦስት አራት ሰው በአንድ ጊዜ ጮኸባቸው፦ «ዘለሉ! በር ላይ ነው የቆመው፣ ገና አልገባም! ልጅቷን፣ ሮዴን ዘለሉ!»